ሁለት ጠባሳ ያለው ዛጎል

አባቴ ጡረታ በወጣ በመጀመሪያው ወር ቤታችንን በዛጎል ሞላው። ጊዜው ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል አርባ ምንጭ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምሮ ጠመኔውን ሲያስቀምጥ፣ ቤት መዋል አልሆንልህ አለው። ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን ደፍቶ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ በሚኒባስ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ይወርዳል፤ ከዚያ በእግሩ ወደ ጫሞ ሐይቅ ዳር። ለምሳ ሲመለስ የኮቱ ኪሶች አብጠው፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ ነው።

እናቴ በር ላይ ትቀበለውና «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተሸክመህ መጣህ?» ትለዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ በስሙ ጠርታው አታውቅም። እሷ ከጋሞ ደጋ፣ የገረሴ ልጅ ናት፤ እሱ ደግሞ ከጎጃም፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነው የመጣው። የመጀመሪያ ሥራው እዚህ ደረሰው፣ እሷን አገባ፣ በዚያው ቀረ።

እኔ ያን ጊዜ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምሠራው እሱ በለቀቀው ትምህርት ቤት፣ የማስተምረውም የእሱን ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ገና ስሜን ሳይለምዱት «የመምህር ልጅ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ አባቴ ማታ ራት ላይ ስለ ዛጎል ሲያወራ፣ የማዳምጠው እንደ ሴት ልጁም እንደ ባልደረባም ሆኜ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መሆን ደግሞ ቀላል አልነበረም።

የማንጎ ሳጥኖች ፈትቶ በጣውላው ዝቅ ያሉ ባለ ክፍልፋይ መደቦች ሠራ። በየክፍሉ ጥጥ አነጠፈ። በአንዱ ረጅሙን ቀንድ አውጣ፣ በአንዱ ክቡን፣ በሌላው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረውን፣ እንደ ደብተር የሚከፈትና የሚዘጋውን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል አስቀመጠ። በእያንዳንዱ ሥር በዚያ ቆንጆ የሰሌዳ ጽሕፈቱ ስሙን፣ የተገኘበትን ቦታና ቀኑን ጻፈ። ስሙን ያላወቀውን «ገና ያልታወቀ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ይህን ወድጄለት ነበር።

አንድ ቀን ግን እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ ጫማውን አላራገፈም። በቀጥታ ሳሎን ገብቶ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጠራን። ከከተማ ወደ ጫሞ በሚያወርደው ዳገት ላይ ለመንገድ ሥራ ጠጠር የሚያወጡበት ጉድጓድ አለ። ቆፋሪዎቹ እየሰበሩ የሚጥሉትን ክምር አይቶ ለምኗቸው ነው ያመጣው። ከዘንቢሉ ያወጣው ነገር መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ዛጎል ነው፤ መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ የተጠማዘዘ፣ አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ ተጣብቆ እንደ ክምር ቂጣ የተደራረበ። ውስጡ በደረቀ ጭቃ ተሞልቶ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ፤ ተማሪ ሳለሁ በሚጠይቀኝ ድምፅ።

«ኦይስተር ይመስላል።»

«ይመስላል የሚባል መልስ የለም። ነው ወይስ አይደለም?»

አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነበረው፤ ገጾቹ የተገነጣጠሉ። በውስጡ የኦይስተር ሥዕል አለ። ሥዕሉንና ዛጎሉን እያፈራረቅሁ አየሁ። በእርግጥም አንድ ናቸው። «ነው» አልኩት። ያን ቃል ስናገር ፊቱ እንዴት እንደበራ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እናቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ አስረዳት። ኦይስተር የባሕር እንስሳ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ዕድሜውን አንድ ቦታ የሚጨርስ። አንዳንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዱ ጎድጓዳ ነው። ጠፍጣፋው እናት ሆኖ ልጆቹን በቅርፊቱ ውስጥ አቅፎ ያቆያቸዋል፤ ጎድጓዳው እንቁላሉን ባሕር ላይ በትኖ ዕጣቸውን ለውሃው ይተዋል። ከዳይኖሰሮች ዘመን የቀሩ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለሉ ዘመዶችም አሏቸው፤ እነሱ ግን ዛሬ ድንጋይ ሆነው ነው የሚገኙት። የባሕር ዳር ሰዎች ሎሚ ጨምቀውበት ከነሕይወቱ ይውጡታል።

«ከነሕይወቱ?»

«ከነሕይወቱ።»

«በስመ አብ! እኔ ቤት ውስጥ እንዳታስቀምጠው» አለች እናቴ። ቢሆንም ጥጡን ያነጠፈችለት እሷ ናት።

አባቴ ግን ገና አልጨረሰም። «ኦይስተር ሐይቅ ውስጥ አይኖርም» አለ፤ ጣቱን አንስቶ። «ጨው ውሃ ይፈልጋል። እንግዲህ እዚህ ከተገኘ፣ ባሕር እዚህ ነበረ ማለት ነው።» ቀጥሎም በልጅነቱ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በነጭ ድንጋይ ውስጥ ልክ እንዲህ ያለ ዛጎል ይለቅም እንደነበር ነገረን። የዚያን ጊዜ የደብራቸው ቄስ የጥፋት ውሃ ያመጣው ነው ይሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው ኦይስተር መሆኑን፣ ያ ሁሉ አገርም በዳይኖሰሮች ዘመን የባሕር ወለል እንደነበር የተማረው። «እዚያም እዚህም ያው አንድ ባሕር ነበር» አለ እናቴን እያየ። እሷ አንገቷን ነቅንቃ ወደ ጓዳ ሄደች።

በመደቡ ላይ «የባሕር ኦይስተር» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ቤት ጠርተነው ለተማሪዎች ንግግር አደረገ። የንግግሩን ጥሪ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡት፤ ከእግራቸው ሥር ባሕር እንደነበር መስማት ማንን አያስደስት! ርዕሰ መምህሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አንድ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን አስለቅቆ፣ የአባቴ ስብስብ እዚያ እንዲቀመጥና በወላጆች ቀን እንዲመረቅ ወሰነ። የወላጆች ቀን ሊደርስ ወር ያህል ቀርቶት ነበር።

በዚያ መሐል ነው የደንበኛችን የዓሣ አጥማጁ ነገር የመጣው።

ዓሣ አጥማጁ ጋሞ ነው። ከአባቴ በአሥር ዓመት ያህል ያንሳል። በሳምንት ሁለት ቀን ከጫሞ ቆሮሶና አምባዛ ይዞ እኛ ቤት ይመጣል፤ ስንት ዓመት የኖረ ደንበኝነት ነው። አማርኛው ፈጣን ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም ነገር አንዳንዴ «እሷ» ይለዋል። እናቴ ጋ ሲሆን በጋሞኛ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። በዚያ ቀን ርዕሰ መምህሩና ሌሎች ሁለት መምህራን ስብስቡን ለማየት መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን ለእናቴ አስረክቦ ሲያልፍ፣ በበሩ በኩል መደቡን አየና ቆመ።

«መምህር፣ ይቺን እኔ ዐውቃታለሁ» አለ።

«የት ታውቃታለህ?» አለው አባቴ ፈገግ ብሎ።

«ኦሞ ላይ። ወጣት ሆኜ ከአጎቴ ጋር እዚያ ዓሣ እናጠምድ ነበር። ወንዙ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ትጣበቃለች። ሳታያት ከረገጥካት እግር ትቆርጣለች።»

«የለም፣ ያኛው ሌላ ነው። ይሄ የባሕር ነው፤ ወንዝ ውስጥ አይኖርም።»

«ኧረ መምህር፣ እኔ በልቼያታለሁ እኮ!»

እንግዶቹ ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ «ሰው ካልተማረ፣ ያየው ዛጎል ሁሉ አንድ ይመስለዋል» አለ። በክፋት አልነበረም ያለው፤ ለእንግዶቹ ጨዋታ ማድመቂያ ነው። ግን አለው። የዓሣ አጥማጁ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ባዶ ማዳበሪያውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለእኛ ቤት የሚሆነውን ዓሣ በሰው ይልክ ጀመር፤ በሁለተኛው ሳምንት መላኩንም ተወ።

እናቴ ለሁለት ቀን አባቴን አላናገረችውም። እኔም አላናገርኩትም፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ያ ሰው የሚያወራው እግሩ ስለነካው፣ አፉ ስለቀመሰው ነገር ነው። የአባቴ መረጃ ደግሞ የተገነጠለ ገጽ ላይ ያለ ሥዕል ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ለየትኛው ነው ተጨማሪ ነጥብ የምሰጠው? ጥያቄው አስጨነቀኝ፤ ቢሆንም ዝም አልኩ።

በዚያ ሰሞን የሐይቁን ደለል የምታጠና ሴት ከአዲስ አበባ መጥታ ሴቻ ሆቴል ይዛ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለች ናት። ተማሪዎቼን ይዤ ሥራዋን ልናይ ስንሄድ ነው የተዋወቅነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ኦይስተሮች አንዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤላት ሄድኩ። ሳልነግረው ነበር የወሰድኩት።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ጋዜጣውን ስትፈታ «ከየት አገኘሽው?» አለችኝ፤ ቦታውን ነገርኳት። ዛጎሉን ውሃ በያዘ ሣህን ውስጥ ነከረችው። ጭቃው ሲለሰልስ በመርፌና በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያለች ማውጣት ጀመረች። ለመቸኮል አልፈለገችም። እኔም ቶሎ እንዳታልቅ ነበር የምመኘው። ከጭቃው ሥር ብልጭ የሚል ነገር ወጣ፤ ቀላ ያለ፣ አረንጓዴም የሚል፣ ልክ እንደ ዕንቁ።

«የሚበላው ኦይስተር ውስጡ እንዲህ አያበራም» አለች። «ነጭ ነው፣ እንደ ገል ደብዛዛ።»

«ዕንቁ የሚወጣውስ? ኦይስተር አይደል የሚባለው?»

«ስሙ ነው እንጂ እሱም ከሚበላው ጋር የሩቅ ዘመድ ነው። ነይ ይሄን እዪ።» በመርፌዋ ጫፍ ወደ ውስጥ ጠቆመች። ከዛጎሉ በአንደኛው ጎን ጠርዙ አጠገብ አውራ ጣት የሚያህል የተጎደጎደ ምልክት አለ። በማዶውም ሌላ። «ጡንቻው ቅርፊቱን የያዘበት ጠባሳ ነው። እንስሳው ሲፈራ ክዳኑን ጥርቅም የሚያደርገው በዚህ ነው። ኦይስተር ካደገ በኋላ አንድ ጡንቻ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ጠባሳውም አንድ ነው። ይሄ ሁለት አለው።»

«እና ምንድን ነው?»

«ኤቴሪያ ይባላል። ፈረንጆቹ የአፍሪካ የወንዝ ኦይስተር ይሉታል። ግን ዘመዱ ባሕር ውስጥ አይደለም፤ ዘመዱ እዚህ ጫሞ ዳር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የምታገኙት ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚያድግ ነው መልኩ ኦይስተር የሚመስለው። ተመሳሳይ ኑሮ ስለሚኖሩ ተመሳሰሉ እንጂ አንድ ቤተሰብ አይደሉም።»

«አሁንም አለ?»

«ወንዞች ውስጥ አለ። ጫሞ ውስጥ እኔ ከነሕይወቱ አላገኘሁትም። ስለዚህ አባትሽ ያገኘው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሐይቁ አንድ ዘመን እዚያ ዳገት ድረስ ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ውሃውም ንጹሕና የሚንቀሳቀስ እንደነበር ይነግረናል። ባሕር ግን አልነበረም።»

ዛጎሉን ይዤ ስመለስ ሚኒባስ አልተሳፈርኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። የወላጆች ቀን ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሴትዮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለች፤ ዓሣ አጥማጁን የሚሰማው የለም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ «የባሕር ኦይስተር» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል፣ እኔም በየዓመቱ ተማሪዎቼን እዚያ እያቆምኩ ውሸት አስተምራለሁ።

ጓዳ ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና «አሁኑኑ ንገሪው» አለች። «ዛሬ ያዝናል። ሌላ ሰው በአደባባይ ቢነግረው ግን አይችለውም።»

በረንዳ ላይ ተቀምጦ መለያ ጽሑፎች ሲጽፍ አገኘሁት። ያዘጋጀሁት መግቢያ ሁሉ ጠፋብኝ። ዛጎሉን ፊቱ አስቀምጬ «አባባ፣ ጠባሳውን ቁጠረው» አልኩት።

መነጽሩን አስተካክሎ ብርሃኑ ወዳለበት አዘነበለው። በጣቱ ጫፍ አንዱን ጠባሳ፣ ከዚያም ሌላውን ነካ። «ማን አጸዳው?» አለ። ነገርኩት። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ተቆጥቶ የሄደ መስሎኝ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ግን የእናቴን የስፌት መርፌ፣ አንድ ሣህን ውሃና ከጉድጓዱ ያመጣቸውን የቀሩትን ዛጎሎች ይዟል። አንድ በአንድ ነክሮ ያጸዳ ጀመር። እኔ ልርዳህ ብለውም እሺ አላለኝም። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ በዚያው ጎንበስ ብሎ ቆየ። ያሉት አሥራ አንድ ናቸው። አንዱን በጨረሰ ቁጥር «ሁለት» ይላል፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። «ሁለት ... ሁለት ... ይሄም ሁለት።»

«አንቺ መቼ ነው የጠረጠርሽው?» አለኝ እጁን እያደረቀ።

«ያን ቀን። ዓሣ አጥማጁ ሲናገር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባቴ ስለሆንክ።»

«እኔ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነበር ያስተማርኩሽ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ለዚያ ነው ያመመኝ። ማልቀስ ስጀምር ትከሻዬን ያዘኝ። ከዚያ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ዓባይ በረሃ ዛጎል ይለቅም የነበረው ብቻውን አልነበረም። አንድ ታላቅ ወንድም አለው። ሁለቱ ነበሩ አብረው የሚወርዱት። አባቴ እናቴን ሊያገባ ሲል ወንድምየው «ወገንህን ትተህ የማናውቀውን ሰው ልታገባ?» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። አባቴም ክፉ መልስ ጻፈለት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እኔ አጎት እንዳለኝ የሰማሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው።

«ባሕሩ አንድ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ለእሱ የምጽፍበት ምክንያት አገኝ ነበር። ‹እዚህም አገኘሁት› ብዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ባርኔጣውን ደፍቶ ሲወጣ አብሬው ወረድኩ። ቅዳሜ ስለነበር ሥራ የለኝም። ጫሞ ዳር ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ስንደርስ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ዘርግቶ ይጠግናል። መምጣታችንን አይቷል፤ ግን ቀና አላለም። አባቴ ጫማውን አውልቆ አሸዋው ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ያያል።

«አንተ ነበርክ ትክክል» አለው።

ዓሣ አጥማጁ መርፌውን በመረቡ ውስጥ አሳልፎ ሳበ። «ስለ ምን?»

«ስለ ዛጎሉ። የወንዝ ነው። እኔ ተሳሳትኩ። ያልኩህም ነውር ነው፤ የተናገርኩት በሰው ፊት ነበር፣ አሁንም በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ዓሣ አጥማጁ ዙሪያውን አየ። ሌሎቹ አጥማጆች ሥራቸውን ትተው ያዳምጣሉ። «መምህር፣ ይነሡ እባክዎ፣ ልብስዎ ይረጥባል» አለ።

«ይቅር ካላልከኝ አልነሣም።»

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ይነሡ።»

ግን አልተነሣም፤ ከኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «ስለ ኦሞው ንገረኝ። ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነው? ውሃው የሚሮጥበት ነው የሚተኛበት? የሚጣበቀው ምን ዓይነት ድንጋይ ላይ ነው?» ዓሣ አጥማጁ መጀመሪያ እየሳቀ፣ ቆየት ብሎ ግን መረቡን ትቶ በእጁ አሸዋው ላይ ወንዙን እየሣለ ይነግረው ጀመር። ውሃው ከሚሮጥበት ነው። ከጉልበት እስከ ደረት ድረስ በሚደርስ ቦታ። ወንዙ ሲጎድል ይታያሉ፣ እንደ ግንብ ተደራርበው። አንድ ክረምት አጎቱ ታሞ፣ ዓሣውም ጠፍቶ ሰንብቶ፣ ዛጎሉን በድንጋይ ሰብረው ሥጋውን ቀቅለው በልተውታል።

«ጣዕሙስ?» አለ አባቴ። ዕድሜውን ሙሉ ጾም አፍርሶ የማያውቅ ሰው፣ ዓይኑ እንደ ልጅ ፈጥጦ።

«ጭቃ ጭቃ ትላለች። ጨው ካለ ግን ትበላለች።»

አባቴ ጻፈ፦ «ጭቃ ጭቃ ይላል። በጨው ይበላል።»

«በናንተ ምን ትባላለች?» ብሎ ዓሣ አጥማጁ በተራው ጠየቀ።

«ኤቴሪያ። እናንተስ?»

«እኛ እግር ቆራጭ ነው የምንላት። ሌላ ስም እንዳላት እንጃ።»

በዚያ ሳምንት አባቴ አዲስ ጽሑፍ አዘጋጀ። የወላጆች ቀን ሲደርስ፣ ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ ስለ ጥንቱ ባሕር መናገር ሲጀምር፣ አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ማጉያውን እንዲሰጠው በትሕትና ጠየቀ። በዚያ ግቢ ሠላሳ ዓመት «መምህር» ሲባል የኖረ ሰው ነው።

«ባለፈው እዚህ ቆሜ ባሕር ነበረ ብያችሁ ነበር» አለ። «አልነበረም። ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ። ያሳሳተኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ውጭውን አይቼ ውስጡን ሳላጸዳ ስም ሰጠሁት።» ከዚያም ስለ ሁለቱ ጠባሳ አስረዳ፤ አንድ ዛጎል ከእጅ ወደ እጅ እንዲያልፍ ሰጣቸው። ዓሣ አጥማጁ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ማንነቱን ተናግሮ እንዲነሣ አደረገው፤ ሰው ሲያጨበጭብለት ተሸማቅቆ ቶሎ ቁጭ አለ። መለያው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ኤቴሪያ፣ የወንዝ ኦይስተር (ኦይስተር አይደለም)። በኦሞ አጥማጆች አጠራር፦ እግር ቆራጭ።»

ጥያቄ ካላችሁ ሲል ከኋላ የተቀመጠች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እውነተኛውን ኦይስተርስ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?»

«አይቼዋለሁ» አለ አባቴ። «ልጅ ሆኜ። ከወንድሜ ጋር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው እቤት ስለነበርኩ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ሞባይሉን እያነሣ ያስቀምጣል። የወንድሙን ቁጥር ከአገሩ ሰው ያገኘው ከብዙ ጊዜ በፊት ኖሯል፤ ደውሎ ግን አያውቅም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ሞባይሉን ተቀብላው ራሷ ደወለችና መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አባቴ ሰላምታም ሳይሰጥ «ከበረሃው ውስጥ ከነጭ ድንጋይ ላይ የምንለቅመው ዛጎል ትዝ ይልሃል?» አለ። ከወዲያ የመጣውን መልስ አልሰማሁም። አባቴ ግን ተቀመጠ። ብዙ ከማውራት ይልቅ ብዙ ሲያዳምጥ ነበር። መጨረሻ ላይ «አንድ ከተገኘ ላክልኝ፤ ለተማሪዎች ነው» አለ።

ወንድሙ አልላከም፤ ራሱ ይዞ መጣ። በአውቶቡስ አዲስ አበባ አድሮ፣ በሁለተኛው ቀን አርባ ምንጭ መናኸሪያ ሲወርድ ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዘንግ የያዘ ሽማግሌ ነው። መልኩ ቁርጥ አባቴን ነው። አባቴን ከማቀፉ በፊት ወደ እናቴ ሄደ። ምን እንደሚላት ያልወሰነ ይመስለኛል፤ አንዴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊነካ ሲል ክንዱን ይዛ ቀና አደረገችው። «ደህና መጣህ፣ ወንድሜ» አለችው። «ደክሞሃል፤ ምሳ ደርሷል።»

ባመጣው የጆንያ ጥቅልል ውስጥ አምስት ድንጋይ ነበር። አባቴና አጎቴ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመርፌ ሲያጸዱ ዋሉ። ሁለቱ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዙ ናቸው። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ ብርሃን የማይመልስ። አባቴ አጉሊ መነጽሩን ለወንድሙ ሰጠው። «ቁጠር» አለው። አጎቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ከፈለገ በኋላ «አንድ ብቻ ነው የማየው፤ ዓይኔ ነው እንዴ?» ሲል አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አጎቴ ለሳምንት ብሎ መጥቶ ወር ቆየ። ከከተማው ሙቀት ይልቅ የገረሴ ብርድ ይስማማዋል ብላ እናቴ ወደ ወንድሞቿ ዘንድ ይዛው ወጣች። ቆጮ ሲቀርብለት መጀመሪያ ፈራ ተባ ብሎ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን በወተት ይሻላል በቅቤ ብሎ ከእናቴ ወንድም ጋር ይከራከር ጀመር። ገበያ ውለው ሲመጡ ሰው ሁሉ «ይሄ ማን ነው?» ይላታል፤ እሷም በጋሞኛ «ወንድሜ ነው» ትላለች። ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ትርጉሙን ለአጎቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቃሉን ራሱ እስኪለው ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።